«ታይፎይድና ታይፈስ አለብሽ» የተባለች የጎረቤቴ ልጅና ሦስቱ ወረቀቶቿ

የላቦራቶሪዋ
ሐምሌ 4፣ ማታ 2፡40

ይህን ውይይት የከፈትኩት ተናድጄ ነው። ቢረዝምባችሁም ታገሡኝ።

ትናንት ማታ ጎረቤቴ ልጇን ይዛ ቤቴ መጣች። የምንኖረው ከራስ መኮንን ድልድይ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። ልጅቷ 19 ዓመቷ ነው፤ ኮሌጅ ትማራለች። በአሥራ አንድ ወር ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ «ታይፎይድና ታይፈስ» ተብላ፣ ለሦስተኛ ጊዜ መድኃኒት ታዞላታል። እናትየው ወረቀት የማትጥል ሴት በመሆኗ ሦስቱንም የምርመራ ውጤቶች በላስቲክ ጠቅልላ ይዛቸው መጣች። ረከቦቱን ገፋ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋኋቸው። የነሐሴው፦ ለታይፎይድ ኦ 1፡80፣ ኤች 1፡160፣ ለታይፈስ ኦኤክስ 19 1፡80፤ ቁጥሩ የደሙ ፈሳሽ ስንት እጥፍ ቀጥኖም ምርመራው እንደሠራ ያሳያል። የጥር ወሩም ያው ነው። የዘንድሮው ሐምሌም ያው ነው። ማኅተሙና የእጅ ጽሕፈቱ ብቻ ይለያያል።

ላቦራቶሪ ውስጥ 14 ዓመት ሠርቻለሁ። እነዚያን ሦስት ወረቀቶች ሳይ ልቤን ያመመኝ የቁጥሩ ከፍታ ወይም ዝቅታ አይደለም፤ አለመነቃነቁ ነው። አዲስ ታይፎይድ ቢይዛት ኖሮ ቁጥሩ በአንድና በሁለት ሳምንት ልዩነት ቢያንስ በአራት እጥፍ መጨመር ነበረበት። አንድ ቦታ የቆመ ቁጥር የሚናገረው ስለ ትናንት ነው።

ዊዳል የሚባለው ምርመራ ባክቴሪያውን አያይም። ይህን ደጋግሜ ብናገር አይሰለቸኝም። በብልቃጡ ውስጥ ያለው የሞተ የሳልሞኔላ ባክቴሪያ ነው። ከሕመምተኛው ደም የተለየውን ጠራ ያለ ፈሳሽ ከእሱ ጋር ስናደባልቅ፣ በፈሳሹ ውስጥ ፀረ እንግዳ አካላት ካሉ ባክቴሪያዎቹን እርስ በርስ ያጣብቋቸዋል፤ ጠብታው የተበላሸ ወተት ሲፈላ እንደሚበጣጠሰው ይበጣጠሳል። እኛም «ሪአክቲቭ» ብለን እንጽፋለን። ነገር ግን ፀረ እንግዳ አካላት ከበሽታ በኋላ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት በደም ውስጥ ይቆያሉ። ሌሎች የሳልሞኔላ ዝርያዎችም ተመሳሳይ ሽፋን ስላላቸው ጠብታውን ያጣብቁታል። ወባም ሊያሳስት ይችላል። እንደኛ ባለ አገር ደግሞ ምንም ሳያመው መንገድ ላይ የሚሄድ ጤነኛ ሰው ቢመረመር 1፡80 ሊያሳይ ይችላል።

ምርመራውን ፌርናን ዊዳል ፓሪስ ውስጥ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1896 ነው፤ ለዘመኑ ትልቅ ነገር ነበር። ዛሬ ግን የአንድ ቀን አንድ ዊዳል ብቻውን «ታይፎይድ አለብሽ» የሚያሰኝ አይደለም።

ልጅቷ አሁንም ማታ ማታ ያተኩሳታል። የታዘዘላትን እንዳትጀምር፣ መጀመሪያ የደም ካልቸር (ባክቴሪያውን ከደም አብቅሎ የሚያሳይ ምርመራ) እንድትሰጥ ለምኛቸዋለሁ። እናንተ ውስጥ ይህ የደረሰበት አለ?


ቀበና ማዶ
ሐምሌ 4፣ ማታ 3፡05

እህቴ፣ ቁጣሽን አከብራለሁ። ግን እኔም ባለፈው ክረምት ይኸው ተብዬ፣ መድኃኒቱን ጀምሬ በአራተኛው ቀን ሥራ ገብቻለሁ። ውሸት ቢሆን ኖሮ እንዴት አዳነኝ? ምርመራው የማይረባ ከሆነስ በየክሊኒኩ ለምን ይሠራል?


የላቦራቶሪዋ
ሐምሌ 4፣ ማታ 3፡30

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ዶሮ ጮኸ፣ ነጋ፤ ያነጋው ግን ዶሮው አይደለም። አብዛኛው የክረምት ትኩሳት ከቫይረስ የሚመጣ ስለሆነ፣ መድኃኒት ተወሰደም አልተወሰደም በአራት አምስት ቀን ይለቃል። ያንተ ታይፎይድ አልነበረም ማለቴ አይደለም፤ ሊሆን ይችላል። ያ ወረቀት ግን ሊያረጋግጥልህ አይችልም ነበር።

ለምን ይሠራል ላልከው፦ ርካሽ ነው፣ ውጤቱ በደቂቃዎች ይደርሳል፣ መብራት ቢጠፋም ይሠራል። ካልቸር ግን ማሞቂያ ሣጥን፣ ንጹሕ ክፍልና የቀናት ትዕግሥት ይፈልጋል። ባለሙያውን ብቻ አልወቅስም። እኔ ራሴ «ምንም አልተገኘም» ብዬ ወረቀት ስሰጥ፣ «ታዲያ ገንዘቤን ለምን ተቀበላችሁ?» ብለው የሄዱብኝ ብዙ ናቸው።


መምህር ዘአራት ኪሎ
ሐምሌ 5፣ ጠዋት 1፡20

ልጄ፣ ብዙ ዘመን ባዮሎጂ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። የጻፍሽውን ሌሊት በሞባይሌ አንብቤ እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ስለዚህ ከቅዳሴ በፊት ልጻፍ ብዬ ነው።

ሁለቱን በሽታዎች ማምታታት የጀመረው ክሊኒኩ አይደለም፤ ቋንቋው ራሱ ነው፤ የእኛም የእነሱም። በአማርኛ ሁለቱንም «ተስቦ» ብለናል፦ አንዱን የአንጀት ተስቦ፣ ሌላውን የቅማል ተስቦ። ፈረንጆቹም ቢሆኑ አልተሻሉም። ታይፈስ የሚለው ስም ጭስ ወይም ጉም ከሚል የግሪክ ቃል የመጣ ነው፤ ትኩሳቱ የሕመምተኛውን አእምሮ እንደ ጉም ስለሚሸፍነው። ታይፎይድ ደግሞ «ታይፈስ መሳይ» ማለት ነው። ስሙን የሰጡት ሰዎች አንዱን በሌላው ጥላ ነው የጠሩት። እ.ኤ.አ. በ1837 ዊልያም ገርሃርድ የተባለ የፊላደልፊያ ሐኪም የሁለቱንም ሙታን አስከሬን ከፍቶ አንጀታቸውን ተመለከተ። የታይፎይዱ አንጀት ቆስሏል፤ የታይፈሱ ደህና ነው። ሁለት በሽታ ናቸው ብሎ ጻፈ።

የታይፎይድን ባክቴሪያ ጀርመናዊው ካርል ኤበርት እ.ኤ.አ. በ1880 አየው። የታይፈስ ግን ገና ሠላሳ ዓመት ያህል ቆየ። እሱን የፈታው ሻርል ኒኮል ነው፤ ቱኒዝ ውስጥ። ሕመምተኞች ሆስፒታሉ በር ላይ እስኪደርሱ ድረስ ያገኙትን ሁሉ ያሲዛሉ፤ ልብሳቸውን የሚሰበስቡት ሠራተኞች እንኳ ይታመማሉ። ገላቸውን ታጥበው የሆስፒታሉን ልብስ ለብሰው አልጋ ከያዙ በኋላ ግን ማንንም አያሲዙም። እንግዲህ በበሩና በአልጋው መካከል የቀረው ምንድን ነው? ልብሱ። ልብሱ ውስጥ ያለውስ? ቅማል። እ.ኤ.አ. በ1909 በዝንጀሮዎች ላይ ሞክሮ አረጋገጠ፤ በ1928ም የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

ተማሪዎቼን አንድ ነገር እጠይቃቸው ነበር፤ አሁንም ለእናንተ ልድገመው። የበሽታውን ስም ከመሸምደዳችሁ በፊት «በየትኛው በር ነው የሚገባው?» ብላችሁ ጠይቁ። ታይፎይድ በአፍ ይገባል። ታይፈስ በቆዳ ይገባል። የሳንባ ነቀርሳ በትንፋሽ ይገባል። በሩን ያላወቀ ሰው መስኮት ይዘጋል።


ቀበና ማዶ
ሐምሌ 5፣ ቀን 6፡10

መምህር፣ እግዜር ይስጥልን። እንግዲህ በሩን ካወቅን፣ ከበሩ ወዲህ ያለውንስ? ታይፎይድ አፌ ከገባ በኋላ ምን ያደርጋል? ባክቴሪያ ሁሉ ጨጓራ ውስጥ ይሞታል ሲባል ሰምቻለሁ።


የላቦራቶሪዋ
ሐምሌ 5፣ ማታ 1፡50

ይህን መጻፍ ደስ ይለኛል፤ ከሁሉም የሚያስገርመኝ መንገዱ ነውና።

ሳልሞኔላ ታይፊ የሚኖረው በሰው ውስጥ ብቻ ነው። በበሬ የለም፣ በዶሮ የለም። ስለዚህ ታይፎይድ የያዘው ሰው ሁሉ የሌላ ሰውን ዓይነ ምድር በሆነ መንገድ ቀምሷል ማለት ነው፤ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ከዚህ ለስለስ ያለ አባባል የለውም። በወንዝ ውሃ የለማ ሰላጣ ሊሆን ይችላል። ጎመን ይበስላል፣ ሰላጣው ግን ጥሬውን ነው የሚበላው።

መጀመሪያ ጨጓራ ይገጥመዋል። አሲዱ አብዛኛውን ይጨርሰዋል፤ ለዚህም ነው ለመታመም ብዙ ባክቴሪያ መዋጥ የሚያስፈልገው። ሺጌላ የምትባለው የደም ተቅማጥ ባክቴሪያ አሲድ ስለምትችል ከ10 እስከ 100 የሚሆኑት ብቻ ሰው ሊጥሉ ይችላሉ። ኮሌራ በተቃራኒው አሲድ አይችልም፤ በብዙ ሚሊዮን ነው የሚመጣው። የጨጓራ አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ለእነዚህ ሁሉ የበለጠ የሚጋለጡት በዚህ ምክንያት ነው።

ከጨጓራ የተረፈው ትንሹ አንጀት ይደርሳል። እዚያ ግድግዳው ላይ ከአንጀት ውስጥ ናሙና እያነሡ ለመከላከያ ሠራዊቱ የሚያቀብሉ ሴሎች አሉ፤ «ይህን እዩት፣ እንግዳ ነው» እንደሚል ዘበኛ። ባክቴሪያው በዚያው በዘበኛው በኩል ይገባል። እንደ መርፌ ያለ መሣሪያም አለው፤ የራሱን ፕሮቲን ወደ ሴሉ ይወጋና ሴሉ ወዶ ሳይሆን ተገድዶ እንዲውጠው ያደርጋል። ከግድግዳው ማዶ ነጭ የደም ሴል ይጠብቀዋል፤ ይውጠዋልም። እዚህ ማለቅ ነበረበት። አያልቅም። በዋጠው ሴል ሆድ ውስጥ ለራሱ ክፍል አበጅቶ ይራባል፤ ይባስ ብሎ ያንኑ ሴል እንደ ታክሲ ተሳፍሮ ወደ ጉበት፣ ወደ ጣፊያና ወደ መቅኔ ይሄዳል። ሰውየው ይህን ሁሉ ጊዜ ምንም አይሰማውም። አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት በኋላ ባክቴሪያው ከእነዚህ ቦታዎች ተመልሶ ደም ውስጥ ሲፈስ ነው ትኩሳቱ የሚጀምረው።

ስለዚህ ትኩሳቱ በጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት ልናገኘው የሚገባን ደም ውስጥ ነው። ደም ካልቸር የሚባለው ይህ ነው፦ ደሙን ምግብ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ አስገብተን በ37 ዲግሪ እናቆየዋለን፤ ባክቴሪያ ካለ ይበቅላል፣ ስሙንም የሚገድለውን መድኃኒትም ይነግረናል። ፍጹም አይደለም፤ ከእውነተኛ የታይፎይድ ሕመምተኞች ግማሽ ያህሉን ሊያመልጠው ይችላል፤ በተለይ መድኃኒት አስቀድሞ ከተወሰደ። «መጀመሪያ ካልቸር፣ ከዚያ ክኒን» የምለው ለዚህ ነው።

መንገዱ እዚህም አያበቃም። ከጉበት ወደ ሐሞት ከረጢት ይወርድና ከሐሞቱ ጋር ተመልሶ አንጀት ውስጥ ይፈስሳል። በሦስተኛው ሳምንት አንጀት የሚበሳው በዚህ ሁለተኛ ዙር ጊዜ ነው፤ ትኩሳት የቆየበት ሰው ድንገት ሆዱ እንደ ጣውላ ቢደርቅና ቢያመው ሐኪም ቤት ሳይሄድ አንድ ሰዓት እንኳ መቆየት የለበትም። ጥቂቶች ደግሞ ከዳኑ በኋላም በሐሞት ከረጢታቸው ውስጥ ባክቴሪያውን ለዓመታት ይዘው ይኖራሉ። ሜሪ ማለን የተባለች የኒው ዮርክ ወጥ ቤት እንዲህ ነበረች፤ እሷ ጤነኛ ነበረች፣ የምታበስልላቸው ቤተሰቦች ግን ይታመሙ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1907 እስከ 1910፣ እንደገና ከ1915 እስከ ሞተችበት 1938 ድረስ ደሴት ላይ ተለይታ ኖረች። ታሪኳን ባሰብኩ ቁጥር ታሳዝነኛለች። አሞኝ አያውቅም ስትል ከልቧ ነበር።


እናት ጓዳ
ሐምሌ 6፣ ጠዋት 3፡15

ልጄ፣ ተባረኪ። እኔ ዶሮ ማነቂያ ምግብ ቤት አለኝ። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣልን፤ በሮቶ እናጠራቅማለን። ሲመጣ መጀመሪያ ላይ ደፍረስ ይላል፣ ከዚያ ይጠራል። ከጠራ በኋላ ብንጠቀምበት ችግር አለው? አፍልተን ነው የምናጠጣው፤ ግን ስንት ደቂቃ እንደሚፈላ አናውቅም።


የቧንቧ ሠራተኛው
ሐምሌ 6፣ ቀን 7፡00

እትዬ፣ ይህን እኔ ልመልስ፤ 20 ዓመት ቧንቧ ስቀጥል ኖሬያለሁ። ያ የመጀመሪያው ድፍርስ ውሃ ዝገት ብቻ እንዳይመስልዎት። ቧንቧ በውሃ ሲሞላ ግፊቱ ወደ ውጭ ነው፤ ስንጥቅ ቢኖር ውሃ ይወጣል እንጂ ቆሻሻ አይገባም። ፈረቃው ሲያልቅና ቧንቧው ባዶ ሲሆን ግን ግፊቱ ይገለበጣል፤ በስንጥቁ በኩል ከአፈሩ ውስጥ ያለውን ይስባል። እኛ ሰፈር የመጸዳጃ ቧንቧና የውሃ ቧንቧ በአንድ ጉድጓድ ጎን ለጎን የተኙበት ስንት ቦታ እንደቆፈርኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ውሃ ወደ ሮቶ አያስገቡት፤ ለወለል ማጠቢያ በባልዲ ይቅዱት። ሮቶውንም ክዳኑን ይግጠሙለት፤ በየጊዜው አስወርደው ያሳጥቡት።


የላቦራቶሪዋ
ሐምሌ 6፣ ማታ 1፡30

የቧንቧ ሠራተኛው ያለው ሁሉ ትክክል ነው፤ እኔም ያን ያህል አላውቀውም ነበር።

ስለ ማፍላቱ፦ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃችን የሚፈላው በ100 ዲግሪ አይደለም፤ ወደ 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ዝቅ ባለ አገር አንድ ደቂቃ ማፍላት ይበቃል ይባላል፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ላለን ግን ሦስት ደቂቃ ነው የሚመከረው። እትዬ፣ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቁጠሩ። ከፈላ በኋላ የሚቀመጥበት ጀሪካን ክዳን ያለው ይሁን፤ በኩባያ እየጠለቁ አይቅዱ። የጠራ ውሃ ሁሉ ንጹሕ አይደለም፤ ባክቴሪያ በዓይን አይታይም፤ የታይፎይዱ ርዝመት አንድ ሚሊ ሜትር ለሦስት መቶ ቢከፈል የአንዱ ክፍል ያህል ነው።


ዘጠነኛ ረድፍ
ሐምሌ 6፣ ማታ 2፡10

አሲድ ስትይ አንድ ነገር አስታወስሽኝ። እኔን «ጨጓራ ባክቴሪያ» ነው ያሉኝ። አሲድ ውስጥ ባክቴሪያ የሚሞት ከሆነ እሱ እዚያ እንዴት ይኖራል?


የላቦራቶሪዋ
ሐምሌ 6፣ ማታ 2፡25

ሄሊኮባክተር ይባላል። በዙሪያው አሞኒያ እያመነጨ አሲዱን ያከሽፈዋል፤ ከዚያ እንደ ቡሽ መክፈቻ በተጠማዘዘ አካሉ የጨጓራውን ንፍጥ ቦርቡሮ ከሥሩ ይደበቃል። አውስትራሊያዊው ባሪ ማርሻል ማንም አላምን ሲለው እ.ኤ.አ. በ1984 ራሱ ጠጥቶ ታመመ፤ በ2005 ከሮቢን ዋረን ጋር ኖቤል ተሸለመ። የተመረመርከው በደም ከሆነ ግን እዚያም የትዝታ ነገር አለ፤ ከድሮ ሕመም የቀሩ ፀረ እንግዳ አካላት ሊያሳስቱ ይችላሉ፤ በዓይነ ምድር ወይም በትንፋሽ የሚደረገው ይሻላል።


ሠራተኛ ሰፈር
ሐምሌ 7፣ ማታ 12፡45

ስለ ታይፈሱ ማንም አላወራምና እኔ ልግባ። ጎዳና ላይ ለሚያድሩ ልጆች ልብስና ምግብ ከሚያቀርቡ ወጣቶች አንዱ ነኝ። በክረምት ልጆቹ ያገኙትን ሁሉ ደራርበው ይለብሳሉ፤ ለወራት አያወልቁትም። ባለፈው ሳምንት አንዱን የ13 ዓመት ልጅ ሹራቡን ስናስወልቀው ስፌቱ ነጭ ሆኖ አየሁት፤ ክር መሰለኝ። ቅጫም ነበር፤ ከብብቱ እስከ ወገቡ ድረስ በስፌቱ መስመር ተደርድሯል። ትኩሳት ይዞት ነበር፤ ለቅቆት ነበር፤ በሳምንቱ ተመለሰበት። ይህ ታይፈስ ነው?


የላቦራቶሪዋ
ሐምሌ 7፣ ማታ 1፡20

ወንድሜ፣ ነገ ጠዋት ሳይሆን ዛሬ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ለቅቆ የሚመለስ ትኩሳት ከቅማል ጋር ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ግርሻ ነው፤ ስሙ ራሱ ታሪኩን ይናገራል። ቦሬሊያ የምትባል እንደ ሽቦ የተጠመዘዘች ባክቴሪያ ናት። ሰውነት ሽፋኗን ለይቶ ሊያጠፋት ሲል ጥቂቶቹ ሽፋናቸውን ቀይረው ያመልጣሉ፤ ትኩሳቱ ይለቃል። አዲሶቹ ሲበዙ እንደገና ያገረሻል። ደስ የሚለው ነገር ቢኖር ይህችን በዓይናችን ማየት መቻላችን ነው፤ ትኩሳቱ ባለበት ሰዓት የተወሰደ ጠብታ ደም በማይክሮስኮፕ ሥር ሲታይ በቀይ የደም ሴሎች መካከል ስትወራጭ ትገኛለች። ያን ጊዜ የምናየው ትዝታ ሳይሆን ራሷን ነው።

አደራ፣ መድኃኒቱ ተቋም ውስጥ ነው መሰጠት ያለበት። ባክቴሪያዎቹ ባንድ ጊዜ ሲሞቱ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ብርቱ ብርድ ብርድ ማለት፣ የትኩሳት መናርና የደም ግፊት መውረድ ሊመጣ ይችላል፤ አጠገቡ ባለሙያ ይኑር።

የበሩን ነገር ደግሞ ልብ በሉልኝ። ግርሻ በቅማሉ ንክሻ አይገባም። ቅማሉ በጥፍር ሲጨፈለቅ ፈሳሹ በታከከ ቆዳ ውስጥ ይገባል። ታይፈስ ደግሞ በቅማሉ ኩስ ነው የሚመጣው፤ ሰው ሲያክ ኩሱን ወደ ቁስሉ ያስገባዋል። የታይፈሷ ሪኬትሲያ ከሴል ውጭ መራባት አትችልም፤ ቅማሉን ራሱንም ትገድለዋለች። በስሟ የሚታወሱት ሪኬትስና ፕሮዋዜክ ሁለቱም ሲያጠኗት በያዛቸው ታይፈስ ነው የሞቱት። ስለዚህ እናንተ ልብሱን ስታስወልቁ ጓንት አድርጉ፤ ቅማሉን በጥፍር አትግደሉ። ልብሱ ይቀቀል፣ ካልሆነም ስፌት ስፌቱ በጋለ ካውያ ይተኮስ። የሰውነት ቅማል የሚኖረው ልብስ ላይ እንጂ ቆዳ ላይ አይደለም፤ ለደም ብቻ ነው ወደ ሰው የሚመጣው።

የዚያ ልጅ ስፌትና የጎረቤቴ ልጅ ወረቀት በአንድ ስም መጠራታቸው ነው የሚያናድደኝ። እሷ ላይ የተሠራው የታይፈስ ምርመራ ዌል ፊሊክስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1916 የተጀመረ። ሪኬትሲያን እንኳ አይጠቀምም፤ ፕሮቲየስ የሚባል ሌላ ባክቴሪያ ስለሚመስላት ብቻ በምትኩ ገብቶ ነው። ፕሮቲየስ ራሱ ደግሞ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን የሚያመጣ ተራ ባክቴሪያ ነው።


ማዘዣ የሚያነበው
ሐምሌ 8፣ ጠዋት 4፡30

ፋርማሲስት ነኝ፣ ለገሐር አካባቢ። ሦስት ቀን ዝም ብዬ ሳነብ ቆየሁ። እህቴ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ልጅቷ በነሐሴና በጥር የወሰደችው ሲፕሮፍሎክሳሲን ነበር?

የምጠይቅሽ በምክንያት ነው። ሲፕሮፍሎክሳሲን ያለበት የመድኃኒት ወገን የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያም ያዳክማል። የዚሁ ወገን የሆኑት ሌቮፍሎክሳሲንና ሞክሲፍሎክሳሲን መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ ሕክምና የሚያገለግሉ ናቸው። ስለዚህ ቲቢ ያለበት ሰው «ለታይፎይድ» ተብሎ አንድ ሳምንት ሲወስዳቸው ይሻለዋል፤ ይነሣል፤ ዳንኩ ይላል። ከወር ከሁለት ወር በኋላ ማታ ማታ ማተኮሱ ይመለሳል። ይህን መልክ በመስኮቴ በኩል ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ማታ ማታ ያተኩሳታል ስትይ ደነገጥኩ። ክብደቷስ? አንገቷ ላይ ንፍፊት አላት?

በሌላ በኩልም እየከፈልን ነው። ፓኪስታን ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ክሎራምፌኒኮልን፣ አምፒሲሊንን፣ ኮትሪሞክሳዞልን፣ ሲፕሮፍሎክሳሲንንና ሴፍትሪያክሶንን የተላመደ ታይፎይድ ተነሥቶ፣ በአፍ ከሚወሰዱት የቀረው ዋና መድኃኒት አዚትሮማይሲን ሆኗል። ያለ ማዘዣ «የታይፎይድ ስጠኝ» ብሎ ለሚመጣ ሰው እምቢ ስለው ሌላ ቦታ ሄዶ እንደሚገዛ አውቃለሁ። ቢሆንም እምቢ እላለሁ።


የላቦራቶሪዋ
ሐምሌ 8፣ ቀን 6፡20

ወንድሜ፣ ሁለቱንም ጊዜ ሲፕሮፍሎክሳሲን ነው። አሁን እናቷን ደውዬ ጠየቅኩ፤ ልብሷን ሁሉ በመርፌ ቁልፍ እያጠበበች ነው የምትለብሰው አለችኝ። ከሥራ ስወጣ ቀጥታ ወደ እነሱ ቤት ነው የምሄደው።


የላቦራቶሪዋ
ሐምሌ 15፣ ማታ 2፡00

ልጅቷና እናቷ ፈቅደውልኝ ነው የምጽፈው።

ያን ማታ ሻርፗን እንድታወልቅ ጠየቅኳት። ከግራ ጆሮዋ በታች ሦስት ንፍፊቶች፣ እንደ ሽምብራ ሳይሆን እንደ ኮክ ፍሬ፤ እርስ በርስ ተጣብቀዋል፤ ስነካቸው አላመማትም። «ፀጉር ስሠራ የተቆጣ መስሎኝ» አለች። ሦስት ቦታ ስትመረመር አንድም እጅ አንገቷን አልነካውም።

የደም ካልቸሩ ምንም አላበቀለም። በቀጭን መርፌ ከንፍፊቱ ተቀድቶ የባክቴሪያውን ዘረ መል በሚለየው በጂን ኤክስፐርት መሣሪያ ተመረመረ፤ የቲቢ ባክቴሪያ ተገኘ፤ ዋናውን መድኃኒት ሪፋምፒሲንን አልተላመደም። መድኃኒቷን ዛሬ በጤና ጣቢያ በነፃ ጀምራለች፤ ሁለት ወር አራት ዓይነት፣ ቀጥሎ አራት ወር ሁለት ዓይነት። የነሐሴው ትኩሳት ምን እንደነበረ አሁን ማንም ሊናገር አይችልም።

ማዘዣ የሚያነበው፣ ስምህን አላውቅም፤ እናትየው ግን ከነልጇ በጸሎቷ ውስጥ አስገብታሃለች።


ዘጠነኛ ረድፍ
ሐምሌ 15፣ ማታ 2፡35

እግዚአብሔር ይማራት። ቲቢ የሳንባ አይደለም እንዴ? አንገት ላይ እንዴት ሄደ? ከየት አገኘችውስ?


መምህር ዘአራት ኪሎ
ሐምሌ 15፣ ማታ 3፡10

ልጄ፣ በሩ ትንፋሽ ነው፤ የሚቀመጥበት ግን ሌላ ሊሆን ይችላል። የሳንባ ቲቢ ያለበት ሰው ሲያስል የሚወጡት ረቂቅ ጠብታዎች በተዘጋ ክፍል ውስጥ ለሰዓታት ይንሳፈፋሉ። አንዷ ሳንባ ከደረሰች ነጭ የደም ሴል ይውጣታል፤ እሷም እንደ ታይፎይዱ በዋጣት ሴል ውስጥ መኖር ትችልበታለች፤ በሰም የተለበጠ ቅርፊት አላትና። በዚያው ሴል ወደ ንፍፊት ትሄዳለች። አገራችን የንፍፊት ቲቢ የሚበዛበት አገር ነው። ሌሎች ባክቴሪያዎች ሲመቻቸው በ20 ደቂቃ እጥፍ ሲሆኑ እሷ ወደ 20 ሰዓት ገደማ ይፈጅባታል። ሕመሙ ቀስ ብሎ የሚመጣው፣ መድኃኒቱም ስድስት ወር የሚወስደው ከዚህም የተነሣ ነው። ከገባባቸው ሰዎች በዘመናቸው አንድ ቀን የሚታመሙት ከመቶ ከ5 እስከ 10 ናቸው፤ ሌሎቹ ውስጥ ተኝታ ትኖራለች። ከየት እንዳገኘችው መፈለግ ብዙ አይጠቅማትም።

ሚኒባስ ውስጥ ግን መስኮት ክፈቱ። «ብርድ ይመታኛል፣ ዝጋው» ሲባል ስሰማ አዝናለሁ። የኅዳር በሽታ ጊዜ፣ በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስትረግፍ፣ ሰዎች መጥፎ አየር ነው ብለው ቆሻሻ አቃጠሉ፤ እስከ ዛሬም ኅዳር 12 ቀን ከተማው በጭስ ይታጠናል። ቫይረሱን ያኔ በዓለም ላይ ማንም አላየውም ነበር፤ ከሰው የተለየው እ.ኤ.አ. በ1933 ነው። በአየር መምጣቱን ግን የእኛ ሰዎች ጠርጥረው ነበር። ጭሱን ትተን አየሩን እናስገባ።


ሠራተኛ ሰፈር
ሐምሌ 16፣ ጠዋት 2፡30

ልጁ ግርሻ ነው ተባለ፤ በማይክሮስኮፕ ታየችለት። አንድ ሌሊት ተኝቶ ታከመ፤ ብርድ ብርዱ እንዳልሽው መጣ፤ አጠገቡ ነበርን። ዛሬ ቁርስ በላ። አብረውት የሚያድሩትን አምስት ልጆች ልብስ ቀቅለናል።


የላቦራቶሪዋ
ሐምሌ 16፣ ማታ 1፡15

ሠራተኛ ሰፈር፣ እጃችሁ ይባረክ።

ጎረቤቴ ዛሬ ቡና አፍልታ ጠራችኝ። ገብቼ ሳይ የልጅቷን ኩባያና ሳህን ለይታ በቀይ ክር አስራበታለች። ልጅቷ ጥግ ይዛ ቁጭ ብላለች። ክሩን ፈትቼ ኩባያውን ከሌሎቹ ጋር ቀላቀልኩት፤ የንፍፊት ቲቢ ሳንባ ካልነካ ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም፤ የሳንባውም ቢሆን በኩባያ አይሄድም። የልጅቷ የደረት ራጅ ንጹሕ ነው። ለእሷ የሰጠው ሰው ግን ከቤት ውስጥ ሊሆን ስለሚችል ሁሉም ይመርመሩ ተብሏል፤ በተለይ የአራት ዓመቱ ትንሹ ወንድሟ። አያትየው ከፋሲካ ጀምሮ እንደሚስሉ የሰማሁት ዛሬ፣ ሁለተኛው ቡና ላይ ነው።

ነገ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሁለቱንም ይዘን ጤና ጣቢያ እንሄዳለን።